አሻግሬ አገሩ ገብቶ እንደሆነ

አሰብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአልጣሽ፣

ከዚህ ከሚያቃጥለው አገር የተነሣው ሰላምታዬ ደጋውን ወጥቶ ይድረስሽ። እናትሽ አስቻለች እንደምን ናት? ወገቧን ተሻላት? እኔ ሙቀቱ ቆዳዬን ከመላጡ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬም ወደብ ላይ ጆንያ እሸከማለሁ። የማድረው ያው ወይዘሮ ሀሊማ ሻይ ቤት ጓሮ ነው፤ ደብዳቤ ስትልኪ በእሷ በኩል አድርጊው። የወረባቦ ሴት ናት፣ እንደ ወንድሟ ታየኛለች።

አትደንግጡ፣ ገንዘብ ላኩልኝ ልል አይደለም። ጀልባ ልገዛ ነው። እናትሽ ስትሰማ ወይ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፤ የትኛውን እንዳደረገች ጻፊልኝ። ያገለገለ የእንጨት ጀልባ ነው፣ ሞተር አለው። ዓሣ እያሰገርሁ ለራሴ ብሠራ ጆንያው ከጀርባዬ ይወርዳል፤ አንቺንም ደሴ አውጥቼ አስተምርሻለሁ።

የሚሸጥልኝ ካሳ የሚባል ሰው ነው። ጀልባው ግን የእሱ አይደለም። ባለቤቱ የእኛው አገር ሰው፣ የወግዲው አሻግሬ ተረፈ ነው፤ ካሳ አብሮት ይሠራ ነበር። "አሻግሬ ባሕር ሰለቸውና አምና አገሩ ገባ። ሽጥልኝ ብሎ ውክልና ሰጠኝ" ይላል። ውክልናውን አይቼዋለሁ፤ ማኅተም አለው፣ የአሻግሬ የጣት አሻራም አለበት። ጀልባ የሚመዘገብበት ክፍል ሄጄም ጠይቄአለሁ። "በአሻግሬ ስም ነው፤ ዕዳም ክስም የለበትም። ስም ለማዛወር ባለቤቱ ይምጣ፣ ወይም ውክልናው ይቅረብ" አሉኝ።

እኛ አገር በሬ ሲገዛ ከማን ቤት እንደመጣ ሳይጠየቅ፣ ዋስ ሳይጠራ ገመዱ አይያዝም። ይህን ለካሳ ብነግረው ሳቀብኝ። "የደጋ ሰው! በል እንግዲያው አፉን ከፍተህ ጥርሱን እይ!" አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ነገሩን ግን አልተውሁትም።

ስለዚህ ወግዲ ሂጂና የአሻግሬን እናት ወይዘሮ በለጥሻቸውን ጠይቂልኝ። አሻግሬ አገሩ ገብቶ እንደሆነ፣ ሽጡልኝ ብሎም እንደሆነ ከራሱ አፍ ሰምተሽ ጻፊልኝ። ከጥላሽ እንኳ እንደምታፍሪ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእናትሽ ወገብ ያ መንገድ አይታሰብም። ቀበሌ ወይም ገበሬ ማኅበር ገብተሽ አትጠይቂ። እዚህ ስለ አሻግሬ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ፊርማዬን እይልኝ፣ አምሯል? የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ከተቀበልሁ ወዲህ በጣቴ ፈርሜ አላውቅም።

አጎትሽ አካሉ ኃይለ ማርያም

*

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ ለጋሼ አካሉ፣

በያሉበት ጤናና ሰላም ይክበብዎት። እኛ በመድኃኔ ዓለም ጥበቃ አለን።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብሁላት። ሁለቱንም አደረገች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ "ወንድሜን ለወደብ ሰጠሁ እንጂ ለባሕር መቼ ሰጠሁ" ብላ አለቀሰች። ኋላ ደግሞ ጀልባው በር አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አላውቅም። ጀልባ አይቼ አላውቅም፤ አባይንም ያየሁት ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኜ ነው።

አሁን አጨዳ ስለሆነ እህሉ ሳይገባ መሄድ አልችልም። ጎረቤታችን እትዬ አበቡ ወግዲ ያገባች እህት ስላላቸው በታኅሣሥ ሊጠይቋት ሲሄዱ እከተላለሁ። ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን ከአሁኑ ጨንቆኛል። የማያውቁት ሰው ቤት ገብቶ ልጅዎ የት አለ ማለት እንዴት ነው? በልቤ እየደጋገምሁ አጠናለሁ፤ ሰው ፊት ስሆን ግን ይጠፋብኛል።

ፊርማዎ አምሯል። እናቴም አይታ ጣቷን አሳለፈችበት።

አልጣሽ

*

አሰብ፣ ኅዳር 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአልጣሽ፣

የመንገድ ጠባቂው አምላክ ወግዲ አድርሶ ይመልስሽ። ካሳ በየቀኑ ይመጣብኛል። ሌላ ገዢ አለኝ ይላል፤ ሌላ ገዢ ግን አይቼ አላውቅም።

ጀልባውን ሄጄ በደንብ አየሁት። አረንጓዴ ቀለም አዲስ ተቀብቷል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ። ከፊት፣ አፍንጫው ላይ፣ አንዱ ሳንቃ ተልጓል። በዓይን አይታይም፤ በእጅ ሲዳበስ ነው ጎድጎድ የሚለው። የሆነ ምልክት እንደነበረበት እወቂልኝ።

ሀሊማን ስለ አሻግሬ ጠየቅኋት። "ደንበኛዬ ነበር" አለች። "አገሩ ሲገባ ተሰናበተሽ?" ብላት ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች። ቆይታ "ለሐጅ የሚሄድ እንኳ ይሰናበታል" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ቶሎ ጻፊልኝ።

አካሉ ኃይለ ማርያም

*

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ አካሉ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርዎት። እናቴ ሰላም ብላለች። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሩን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ።

ወግዲ ሄጄ ነበር። ከእትዬ አበቡ ጋር ስንጓዝ ውለን እህታቸው ቤት አደርን። የእህታቸው ባል "ልጅ እግር ብቻዋን እንግዳ ቤት አትገባም" ብለው ሊያደርሱኝ ተነሡ። የወይዘሮ በለጥሻቸው ዘመድ የሆኑ አንድ ሽማግሌም ጠሩ። ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለሆኑ ሳይወጡ እንድረስባቸው ተባለና ጎሕ ሲቀድ ደጃቸው ደረስን። ጋሼ፣ እኔ ያየሁት የሰዎቹን ደግነት ብቻ ነበር። ከሩቅ ስንታይ ምን እንደምንመስል ማናችንም አላሰብንም።

በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ያሉትን ሁለት ወንዶች አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ። ግቡ አላሉንም።

"እማማ፣ አሻግሬ ከላከብዎት ቆየ?" አልኋቸው። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

"ልጄን የት ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም። አጎቴ አሰብ ነው።"

"አሰብ" አሉ።

"አገሩ ገብቶ እንደሆነ ጠይቂ ብሎኝ ነው።"

"ማን ነው ገባ ያለው?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና አንገቴን ደፋሁ። እርስዎ አንገቴን ያውቁታል፤ አስተማሪ ፊትም እንዲሁ ነው የምደፋው። እሳቸው ግን አያውቁትም። ወደ ሽማግሌው ዞረው "አንተም መጣህ?" አሏቸው። ከዚያ ጮኹ።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር፣ ጋሼ። በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ አንገት ደፍቶ። አባቴ በዘመተበት የሞተ ጊዜ እናቴ ዘንድ እንዲሁ ነበር የመጡት። እያወቅሁት አደረግሁት።

ጎረቤቱ ሁሉ ደረሰ። "አልሞተም፣ እኔ ጠያቂ ነኝ" ብል አንዲት ሴት እጄን ይዘው "አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ መልእክተኛ ነሽ" አሉኝ። እትዬ አበቡ "ኧረ ልንጠይቅ ነው የመጣን!" ብለው ቢጮኹ አንዱ "ለመጠየቅ ነው ገና ሳይነጋ ሽማግሌ አስከትላችሁ የምትዞሩ?" አላቸው። ዳስ ተጣለ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠይቀው ፍትሐት ጀመሩ።

ፎቶግራፉ ወጥቶ እየዞረ ተለቀሰበት። እኔም ጋ ደረሰ። አሻግሬ ከጀልባው አጠገብ ቆሞ እጁን በጀልባው አፍንጫ ላይ አሳርፏል። ከእጁ በላይ ሳንቃው ላይ መስቀል ተቀርጿል። ጎደጎደ ያሉት እዚያ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ተማሪ ናት ተብዬ ደብዳቤዎቹን አነበብሁላቸው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ጽሕፈቱ እንደ ብራና ጽሕፈት ያምራል፣ ከግርጌው ፊርማ አለ። በጣቱ የሚፈርም ሰው አይደለም። ከአምናው ፋሲካ ወዲህ የላከው ደብዳቤ የለም። አገሩም አልገባም።

ልመለስ ስል እማማ በለጥሻቸው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። "አጎትሽን ልጄ የት እንዳረፈ ይጠይቅልኝ በይው። አፈሩ እንኳ የት እንደሆነ ልወቅ" አሉኝ። አልሞተም ማለት አቃተኝ። ሞቷል ማለትም አቃተኝ። እሺ አልኋቸው።

ይህን ጀልባ አይግዙት።

አልጣሽ

*

አሰብ፣ ጥር 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአልጣሽ፣

አምላክ አንቺንም እናትሽንም በቀኙ ያቁማችሁ። አንቺ አላጠፋሽም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ከደብዳቤሽ በፊት ወሬው ደረሰ። ከወግዲ የመጣ ሰው የአሻግሬ መርዶ ተነግሯል አለና የወሎ ልጆች ሁሉ ሀሊማ ግቢ ለልቅሶ ተቀመጥን። ካሳም መጣ። ከሁላችን አብልጦ አለቀሰ። ፊቱን ጠርጎ ሲያበቃ እንዴት ሞተ አላለም፤ የት ሞተ አላለም። "ማን ነው ያረዳቸው?" አለ። "ከመካነ ሰላም የመጣች ልጅ ናት" አሉት። ዞሮ አየኝ።

በማግስቱ ወደብ ድረስ መጣብኝ።

"አካሉ፣ አንተ የመካነ ሰላም ሰው አይደለህ?"

"ነኝ።"

"የቆመ ሰው የምትቀብሩ ምን ዓይነት ጉዶች ናችሁ?"

"አገሩ ገባ ያልኸኝ አንተ ነህ" አልሁት። "አገሩ ግን የለም።"

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሻግሬን የሚፈልጉ ሰዎች ስላሉ "አገሩ ገባ በልልኝ" ብሎት እንደሄደ ነገረኝ። ያለው ባሕሩ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ፣ ዓሣ ከሚያደርቁ ሰዎች ጋር ነው ይላል። የጣት አሻራውን ነገር ብጠይቀው ያን ጊዜ እጁ ቆስሎ ነበር አለ። መስቀሉንስ ስለው ከባሕሩ ማዶ ሰዎች ጋር ለመገበያየት ስላልተመቸ ራሱ አሻግሬ ላገው አለ። ለሁሉም መልስ አለው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

መዝጋቢው ክፍል ሄጄ ሰው ሲሞት ውክልናው ምን ይሆናል አልኋቸው። "አብሮት ይሞታል" አሉኝ። ካሳ የአሻግሬን መሞት የማይፈልገው ለዚህ ይሁን ወይስ እውነት ሰውየው በሕይወት አለ፣ መለየት አቅቶኛል።

"እሑድ ጀልባውን እንሞክረዋለን። በዚያው አሻግሬ ዘንድ አደርስሃለሁ፤ ከራሱ አፍ ስማ። ጀልባ እንደ በሬ ገበያ መሐል አቁመው አይፈትኑትም" ብሎኛል። ሀሊማ "ወላሂ አትሂድ፤ ይህ ሰው ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም" እያለች ትለምነኛለች።

ጀልባውን ትቼዋለሁ፣ አልጣሽ። እማማ በለጥሻቸውን ግን መተው አልቻልሁም። ልጃቸው ካለ በእኔ ጥያቄ ነው በቁሙ የተለቀሰለት፤ በእጁ የተጻፈ ቃል ይዤላቸው መምጣት አለብኝ። ከሌለም የት እንዳረፈ ጠይቀውኛል። አንቺ በእኔ ስም እሺ ብለሻቸዋል፤ ደግ አደረግሽ፣ እኔም ብሆን እሺ እል ነበር። እሑድ ማታ እራቴን እዚሁ እበላለሁ ብዬ ለሀሊማ ነግሬያታለሁ።

ለእናትሽ ይህን አታንብቢላት። ፊርማዬ ዛሬ አላማረም፤ እጄን አልቦኛል።

አካሉ ኃይለ ማርያም

*

መካነ ሰላም፣ የካቲት 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ አካሉ፣

ይህ ወረቀት በእጅዎ እንዲገባ ስለት ተስያለሁ። ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ። እሑድ ያሉት ቀን ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ግን እንዳላለፈ አድርጌ እጽፋለሁ። ያልሄዱ ከሆነ አይሂዱ። እማማ በለጥሻቸው ዘንድ እኔ ሄጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ አንገቴን ሳልደፋ ሁሉን እነግራቸዋለሁ።

ለእናቴ ሰላምታውን ብቻ አነበብሁላት። የቀረውን ከራሴ አወጣሁ፤ ሙቀቱ በረድ ብሏል፣ ጀልባውን ትተውታል አልኋት። "ወረቀቱ ረጅም ነው፣ ያነበብሽው አጭር ነው" አለችኝ።

አልጣሽ

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ አካሉ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የፖስታ ቀን በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ቢሮ ደጃፍ እቆማለሁ። ሥራ በዝቶብዎት እንደሆነ ምንም አይጻፉ። ባዶ ወረቀት ላይ ፊርማዎን ብቻ ይላኩልኝ።

አልጣሽ

*

አሰብ፣ ግንቦት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማላውቅሽ እህቴ ለአልጣሽ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው። ሳታውቂኝ ስለጻፍሁልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንድሪስ ሰይድ እባላለሁ፣ የባቲ ሰው ነኝ። ሹፌር ነበርሁ፤ አሁን ጤናዬ መንገድ እምቢ ስላለኝ አንድ ያገለገለ ጀልባ ልገዛ አስቤ ነው።

ጀልባው ጥሩ ነው፣ ቀይ ቀለም አዲስ ተቀብቷል። መዝገቡ ላይ ያለው የባለቤቱ ስም አካሉ ኃይለ ማርያም ነው። የሚሸጥልኝ ግን ካሳ የሚባል ሰው ነው። "አካሉ ከእኔ ገዝቶ ጥቂት ሠራበት፤ ባሕር ሰለቸውና አገሩ ገባ" ይላል። ውክልናም አሳይቶኛል፣ የአካሉ የጣት አሻራ አለበት።

እኔ በመኪና ስኖር ባለቤቱን ሳላገኝ ሊብሬ ተቀብዬ አላውቅም። አካሉ ወይዘሮ ሀሊማ ዘንድ ይኖር ነበር ሲሉ ሰምቼ ሄድሁ። አድራሻሽን ከፖስታው ላይ የሰጠችኝ እሷ ናት። ሁለት ያልተከፈቱ ደብዳቤዎችሽ እሷ ዘንድ ናቸው። ሳጥኑም የክት ጫማውም እዚያው አለ። "እራት እበላለሁ ብሎኝ ነው የወጣው" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አትናገርም። ፈርታ ይመስለኛል፤ ምን እንዳስፈራት ግን አልነገረችኝም።

ስለዚህ እባክሽ እህቴ፣ አጎትሽ አገሩ ገብቶ እንደሆነ፣ ጀልባውንም ሽጡልኝ ብሎ እንደሆነ ጻፊልኝ። ካሳ ወጥተን ባሕር ላይ እንሞክረው እያለ ያስቸኩለኛል። የአንቺ መልስ እስኪመጣ እቆያለሁ።

እንድሪስ ሰይድ

*

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአቶ እንድሪስ ሰይድ፣

የጠየቁበትን አፍ ፈጣሪ ይባርከው፤ እርስዎንም ይጠብቅዎት። ፖስታ ይዘገያል ብዬ ይህን ለደሴው አውቶቡስ ሹፌር በእጁ እሰጠዋለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ ለሚወርድ ጓደኛው አሳልፎ እንዲሰጥልኝ ሰው በተሰበሰበበት መሐል ገብቼ ለምኜዋለሁ። ምሏል።

አጎቴ አገሩ አልገባም።

ጀልባውን አይግዙ። ከካሳ ጋር ባሕር አይውጡ። የማሳይህ ሰው አለ ቢልዎትም አይውጡ። ከቀዩ በፊት አረንጓዴ ነበር፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ የወግዲው አሻግሬ ተረፈ ይባል ነበር። እሱም አገሩ ገባ ተብሎ ነበር፤ የእሱም ውክልና የጣት አሻራ ነበረበት። አሻግሬም አጎቴም በፊርማ ነበር የሚፈርሙ። አፍንጫው ላይ ያለውን ሳንቃ በእጅዎ ይዳብሱት፣ የጎደጎደ ቦታ ያገኛሉ። መስቀል የነበረበት ነው።

ካሳ ማን ነገረህ ብሎ ይጠይቅዎታል። ጤናዬ አልፈቀደም ይበሉት። የአጎቴን ስም አያንሡበት፣ የእኔንም አያንሡ፣ የወይዘሮ ሀሊማንም አያንሡ። ወይዘሮ ሀሊማ ሳጥኑን ታስቀምጥልኝ። ደብዳቤዎቼን ግን መክፈት አያስፈልግም፤ አሁን ለማንም አይጠቅሙም።

ሌላም ልነግርዎት እፈልጋለሁ፤ እርስዎ በቅንነት እንደጻፉልኝ አውቃለሁና አይዘኑብኝ። ባለፈው ታኅሣሥ የአሻግሬን እናት እርስዎ የጠየቁኝን ቃል በቃል ጠይቄያቸው ነበር። ሳልነግራቸው እንዴት አወቁ እያልሁ እስከ ዛሬ ሳስብ ኖሬአለሁ። ዛሬ ደብዳቤዎን ቤታችን ደጃፍ ቆሜ ሳነብ፣ አገሩ ገብቶ እንደሆነ የሚለው ላይ ስደርስ፣ ምን እንደሰሙ ገባኝ።

እናቴ ከውስጥ ታየኝ ነበር። ከማን ነው አላለችኝም። ምን ይላልም አላለችኝም። ወረቀቱን አጥፌ ቀና ስል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ አገኘኋት።

አልጣሽ